የፈረንሳይ የጦር ፊልም ስትመርጡ ሙዚቃውን ማን እንደሚሰማው ጠይቁ

በአውሮፓ ያለፈን ጦርነት የዘመኑን ልብስ አሰፍተው፣ መሣሪያውን ታጥቀው፣ ብዙ ጊዜም ውጊያው በተካሄደበት ሜዳ ላይ ተሰልፈው መልሰው የሚያሳዩ ሰዎች ሞልተዋል። በ2015 ናፖሊዮን የተሸነፈበት የዋተርሉ ውጊያ 200ኛ ዓመት ቤልጂየም ውስጥ ሲታሰብ 5 ሺህ ያህል ሆነው ወጥተው ነበር። እነዚህ ትዕይንተኞች የጦር ፊልም ሲያዩ ዓይናቸው ከቁልፉና ከስፌቱ፣ ጆሯቸው ከሙዚቃው አይነቀልም። ልባቸውን የገዛ ፊልም ካገኙ ደጋግመው ያዩታል፤ ዜማውንም ያንጎራጉሩታል። የካቲት 23 ቀን ጎፈር ደፍቶ፣ ጋሻ አንግቦ ምኒልክ አደባባይ የወጣ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልብሱ ያለ ቀረርቶውና ያለ ፉከራው እንደማይሞላ ያውቀዋልና።

ይህ ጽሑፍ ከፈረንሳይ የጦር ፊልሞች በየትኛው ልጀምር ለሚል አማርኛ አንባቢ ነው። ስድስት ፊልሞችን አነጻጽራለሁ። ሁሉንም እኩል አልዘረዝርም፤ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ከሌሎቹ የበለጠ የሚነገር ነገር አላቸው። ማነጻጸሪያዬ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሙዚቃው ሲሰማ ማን እየሰማው ነው? ወታደሩ ራሱ ነው ወይስ እኛ ተመልካቾች ብቻ? መልሱ ፊልሙ ከወታደሩ ጎን ቆሞ እንደሚያይ ወይም ከሩቅ ሆኖ እንደሚያዝንለት ይነግራችኋል። ከየካቲት 23 በቀር ቀኑም ወሩም ዓመቱም በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሙዚቃ ለምን ይህን ያህል ያሳስባቸዋል?

በናፖሊዮን ዘመን በጭስና በመድፍ ጩኸት መካከል የአዛዡ ድምፅ አይሰማም ነበር። የሚሰማው ታምቡሩ ነው፤ ተነሱ የሚለው፣ ተሰለፉ የሚለው፣ ግቡ የሚለው ምት ሁሉ የየራሱ ነበር። የ1791ዱ የፈረንሳይ እግረኛ ጦር ደንብ ተራውን እርምጃ በደቂቃ 76 አድርጎ ወስኖታል፤ ፈጠን ሲል 100 ይሆናል። ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጠመንጃ ተሸክሞ፣ ረጅም ካፖርት ለብሶ፣ በዚህ ምት ሜዳ ያቋረጠ ትዕይንተኛ የፊልሙ ሰልፈኛ ሲፈጥንበት ወዲያው ይሰማዋል፤ እግሩ ያውቀዋል። ስለዚህ ሙዚቃው ለሱ የስሜት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአካል እንቅስቃሴም ጉዳይ ነው። ከትዕይንተኞች ጋር ፊልም ማየት የሚያስደስተኝም በዚህ ነው፤ እኛ ያላየነውን የትከሻ መዝመም፣ የቀበቶ መላላት ያሳዩናል።

ኮሎኔል ሻቤር (1994)

የናፖሊዮን ዘመን ለሚወድ ሰው መጀመሪያ የምሰጠው ይህን ነው። ኢቭ አንጄሎ ባልዛክ በ1832 ካወጣው ታሪክ ተነስቶ የሠራው ሲሆን ዤራር ደፓርዲዩ ሻቤርን፣ ፋኒ አርዳን ሚስቱን፣ ፋብሪስ ሉኪኒ ጠበቃውን ሆነው ይጫወታሉ። ሻቤር በኤይላው ውጊያ ሞቷል ተብሎ ከሬሳ ጋር የተቀበረ የፈረሰኛ መኮንን ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ፓሪስ ሲመለስ ሚስቱ ሌላ አግብታለች፣ ሀብቱም ተወስዷል። እሱም በሕይወት አለሁ ብሎ ጠበቃ ፊት ይቀርባል።

የኤይላው ውጊያ የካቲት 1807 በምሥራቅ ፕሩሺያ በረዶ ላይ የተደረገ ነው። የናፖሊዮን የፈረሰኛ አዛዥ ሙራ 10 ሺህ ገደማ ፈረሰኛ ይዞ የሩሲያን መሐል የሰነጠቀበት ዝነኛ ግልቢያ የተካሄደው እዚያ ነው። ብዙ ፊልም ሠሪ በዚያ ግልቢያ ይጀምር ነበር። አንጄሎ ግን የጀመረው ውጊያው ካለቀ በኋላ ነው። በረዶው ላይ ሬሳ ተረፍርፏል። ሰዎች ከሬሳው ላይ ልብሱን ይገፍፋሉ፣ ቦት ጫማውን ይጎትታሉ፣ የደረት ጥሩሩን ያወልቃሉ፤ የተሰበሰበው ዕቃ በዓይነት በዓይነቱ ይከመራል። ትዕይንተኞች ይህን ክፍል የሚወዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወራት ፈጅተው የሚያሰፉት ልብስ፣ የሚወለውሉት ናስ፣ የሚቀቡት ቆዳ ሁሉ ባለቤት አልባ ሆኖ ተቆልሎ ያዩታል። ልብስ ከውጊያ በኋላ ምን እንደሚሆን ይህን ያህል ቀርቦ ያሳየ ፊልም አላውቅም።

ከዚህ ሁሉ ላይ የሚሰማው የቤትሆቨን የፒያኖ፣ የቫዮሊንና የቼሎ ሥራ ነው፤ በ1808 የደረሰውና «የመንፈስ ትሪዮ» የሚባለው፣ በዝግታ የሚሄደው መካከለኛ ክፍሉ። ከውጊያው በአንድ ዓመት ብቻ የሚያንስ ስለሆነ የዘመኑ ሙዚቃ ነው። ሆኖም የወታደሩ ሙዚቃ አይደለም፤ በሀብታም ቤት ሳሎን የሚጫወቱት ነው። ፊልሙ ኋላ ወደዚያ ሳሎን ይወስደናል፣ ሻቤርም የማይገባበት ሳሎን እሱ ነው። እኔ የፊልሙን ጥበብ የማየው እዚህ ላይ ነው፦ ለሬሳው ያለቀሰው ሙዚቃ፣ ሬሳ ሳይሆን በቀረው ሰውዬ ላይ በር የዘጋው ሕዝብ ሙዚቃ ነው። ሙዚቃውን የምንሰማው እኛ ብቻ ነን።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። የሰልፍና የውጊያ ፊልም ፈልጎ የመጣ ሰው ይቸገራል፤ አብዛኛው ክርክርና ድርድር ነው። ፈረንሳይኛውም ጥቅጥቅ ያለ ነው። ለልጆች ደግሞ መክፈቻው ይከብዳል።

ዲየን ቢየን ፉ (1992) እና 317ኛው ጋንታ (1965)

ሁለቱን አብሬ የማነሣቸው የአንድ ሰው ሥራ ስለሆኑ፣ ሁለቱም ስለ አንድ ሽንፈት፣ ፈረንሳይ በ1954 ቬትናም ውስጥ ዲየን ቢየን ፉ በተባለ ሸለቆ ስለተሸነፈችበት ውጊያ፣ የሚያወሩ ስለሆነ ነው። ፒየር ሾንዶርፈር የፈረንሳይ ጦር የፊልም ክፍል ካሜራ አንሺ ነበር። ዲየን ቢየን ፉ ሸለቆ ውስጥ ከተከበቡት ጋር ሆኖ ቀርጿል፣ ግንቦት 7 ቀን 1954 ምሽጉ ሲወድቅ ተማርኳል፣ ወራትም በእስር ቤት ቆይቷል። ያየውን ሁለት ጊዜ ፊልም አደረገው፣ በመካከሉ 27 ዓመት አለ።

የመጀመሪያው፣ 317ኛው ጋንታ፣ በጥቁርና ነጭ ካምቦዲያ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ካሜራውን የያዘው ራውል ኩታር ነበር፤ እሱም በኢንዶቺን (የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በነበሩት ቬትናም፣ ላኦስና ካምቦዲያ) ጦርነት ፎቶ ያነሣ ሰው ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። 4 ፈረንሳውያንና 41 ላኦሳውያን ያሉበት ጋንታ ከግንቦት 4 እስከ 10 ቀን 1954 ጫካ ለጫካ ያፈገፍጋል፤ በሩቅ ዲየን ቢየን ፉ እየወደቀ ነው። ዣክ ፔረን ገና ከጦር ትምህርት ቤት የወጣውን ምክትል መቶ አለቃ፣ ብሩኖ ክሬመር ደግሞ ዊልስዶርፍ የተባለውን የአልዛስ (በጦርነቱ ጊዜ ጀርመን የያዘችው የፈረንሳይ ግዛት) ተወላጅ ያረጀ የበታች ሹም ሆነው ይጫወታሉ። ዊልስዶርፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን ልብስ ለብሶ በሩሲያ ግንባር የተዋጋ ነው፤ ስለ ማፈግፈግ ሁሉንም ያውቃል። ሾንዶርፈር ተዋንያኑንና ሠራተኞቹን ጫካ ውስጥ እንደ ወታደር አኑሯቸዋል፤ በተዋንያኑ ፊት ላይ የሚታየው ድካም ከዚያ የመጣ ነው።

የፒየር ዣንሰን ሙዚቃ እዚህ እጅግ ጥቂት ነው። የሚሰማው ዝናብ፣ ወፍ፣ የሬዲዮ ማፍጨት፣ ጭቃ ውስጥ የሚገባ ጫማ ነው። ለትዕይንተኛ ግን ይህ ሀብት ነው። ሬዲዮውን ማን እንደሚሸከም፣ ቁስለኛ በምን እንደሚታሰር፣ ኮዳው ቀበቶው ላይ የት እንደሚንጠለጠል፣ የደከመ ሰው ጠመንጃውን እንዴት ትከሻው ላይ እንደሚጥለው እያቆማችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። የኢንዶቺን ልብስ ለማሠራት ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

በ1992ቱ ፊልም ግን ሙዚቃው ዋና ገጸ ባሕርይ ነው። ሾንዶርፈር ወደ ቬትናም ተመልሶ፣ በቬትናም ጦር እየታገዘ፣ ሠራዊት በሠራዊት ላይ ሲዘምት ቀረጸ። ዥንጉርጉር ልብስ የለበሱ አየር ወለዶች፣ የሌጌዎን (የውጭ አገር ሰዎች የሚያገለግሉበት የፈረንሳይ ጦር) ወታደሮች፣ የቬትናምና የታይ ብሔረሰብ ተወላጆች፣ መድፈኞች ሁሉ ከዝናብና ከጭቃ ጋር ይታያሉ። ከዚህ ጎን ለጎን ሃኖይ ከተማ ኦፔራ ቤት ውስጥ ኮንሰርት ይዘጋጃል። ሉድሚላ ሚካኤል የምትጫወታት ቫዮሊን ተጫዋች ከኦርኬስትራው ጋር ትቆማለች። የምትጫወተው ዦርዥ ደለሩ ለፊልሙ የደረሰውን «የስንብት ኮንቼርቶ» ነው። ፊልሙ ከኦፔራ ቤቱ ወደ ሸለቆው፣ ከሸለቆው ወደ ኦፔራ ቤቱ ይመላለሳል።

ለጥያቄዬ ከስድስቱ ሁሉ የጠለቀውን መልስ የሚሰጠው ይህ ነው። ሙዚቃውን የሚሰማ ሰው በፊልሙ ውስጥ አለ፤ ሃኖይ ውስጥ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በሸለቆው ውስጥ ያለው አይሰማውም። ቫዮሊኑ ግን ስለ እሱ ነው የሚያለቅሰው። ደለሩ የሠራው ዜማ በጣም ግልጽ ነው፤ አንዴ ሰምታችሁት ትይዙታላችሁ። ሙሾ አውራጅ መጀመሪያ በዝቅተኛ ድምፅ ጀምራ ቀስ በቀስ ለቅሶውን ከፍ እንደምታደርገው፣ ቫዮሊኑም በአንዲት አጭር ሐረግ ጀምሮ እየመለሰ እየመለሰ ከፍ ይላል፣ ኦርኬስትራውም ይቀበለዋል። ደለሩ ፊልሙ በወጣበት በዚያው ማርች 1992 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፈ። የሥራውን ስም ሲያስቡ ትዕይንተኞች ይህን ሳያነሱ አያልፉም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ አንድ ቀጭን ክር ላሳይ። ራልፍ ሞንክላር የተባለው ፈረንሳዊ መኮንን በ1941 የነጻይቱ ፈረንሳይን (ለጀርመን አንገዛም ብለው ከደ ጎል ጋር የቆሙትን) የሌጌዎን ወታደሮች ይዞ ከረንና ምጽዋ ላይ ጣልያንን ወግቷል። ያው ሰው በ1950 ወደ ኮሪያ የዘመተውን የፈረንሳይ ሻለቃ መርቶ ሄደ፤ በ1951 ግንቦት ላይ ደግሞ የእኛ ቃኘው ሻለቃ ፑሳን ደረሰ። የኮሪያው ተኩስ ሲያበቃ የፈረንሳዩ ሻለቃ ወደ ኢንዶቺን ተላከ፣ በጁን 1954 በማዕከላዊ ቬትናም ደጋ ተደመሰሰ፤ ዲየን ቢየን ፉ ከወደቀ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ሞንክላር በዚያን ጊዜ አብሯቸው አልነበረም። ከቃኘው ጋር በአንድ ጦርነት የተዋጉት ሰዎች መጨረሻ ከዚህ ፊልም ዓለም ጋር የተያያዘ መሆኑን ሳውቅ ፊልሙን የማይበት ዓይን ተለውጧል።

የ1992ቱ ፊልም ድክመት ገጸ ባሕርያቱ ናቸው። ብዙ ሰው ይገባል፣ ብዙ ሰው ይወጣል፤ አንድ ሰው ይዛችሁ እስከ መጨረሻው የምትሄዱበት አይደለም። የውጊያውን ካርታ አስቀድሞ ያላየ ሰው ቤያትሪስ፣ ጋብሪየል፣ ኤልያን የሚሉት የኮረብታ ስሞች መሆናቸውን ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል። ከማየታችሁ በፊት ካርታውን አንድ ጊዜ ተመልከቱ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እንደ ፊልም 317ኛውን፣ እንደ ሙዚቃ የ1992ቱን እመርጣለሁ። ጊዜ ካላችሁ ግን ዝም ያለውን አስቀድማችሁ፣ የሚያለቅሰውን አስከትሉ።

ካፒቴን ኮናን (1996)

ቤርትራን ታቨርኒየ የሠራው ይህ ፊልም በ1918 በባልካን ግንባር ይጀምራል። ኮናን የተባለው መኮንን በሳንጃና በቦምብ ጠላት ምሽግ ውስጥ ዘሎ የሚገባ 50 ያህል ሰው ይመራል። ጦርነቱ ሲያልቅ እነዚህ ሰዎች ቡካሬስት ውስጥ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ፣ ይሰርቃሉ፣ ይገድላሉ። መግደልን ጀግንነት ብሎ የሸለማቸው ጦር አሁን ችሎት ያቆማቸዋል። ፊሊፕ ቶረቶን በኮናን ሚናው፣ ታቨርኒየም በዳይሬክተርነቱ ሴዛር የተባለውን የፈረንሳይ የፊልም ሽልማት አግኝተውበታል።

ማርሽ ባንድ ለሚወድ ሰው አንድ የማይረሳ ቦታ አለው። የተኩስ ማቆሙ ለሠራዊቱ ሲታወጅ ዶፍ ዝናብ ይወርዳል፣ ባንዱ ይነፋል፣ ተሰላፊዎቹ በተቅማጥ በሽታ ተይዘው ከሰልፍ እየወጡ ይሮጣሉ። ሙዚቃውን ወታደሮቹ ይሰሙታል፤ ግን ማንም ሊያደምጠው የሚችልበት ሁኔታ ላይ አይደለም። ከስድስቱ ውስጥ ስለ ጦር በጣም እውነተኛው የሙዚቃ ትዕይንት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሙዚቃውን ለብቻው ገዝቶ ለመስማት ግን አይሆንም።

ጆዋዩ ኖኤል (2005)

ለቤተሰብ የሚሆነው ይህ ነው። በ1914 የገና ሌሊት እንግሊዞችና ጀርመኖች፣ በአንዳንድ ቦታም ፈረንሳዮች፣ ከምሽግ ወጥተው የተጨባበጡበትን እውነተኛ ክስተት ክርስቲያን ካሪዮን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ተረከው። እዚህ ላይ ሙዚቃው ታሪኩ ራሱ ነው። አንድ ጀርመናዊ የኦፔራ ዘፋኝ ከምሽጉ ይዘምራል፣ ከማዶ ስኮትላንዶች በከረጢታም ዋሽንታቸው ይቀበሉታል፣ ቀጥሎ ሁሉም ይወጣል። በተዋንያኑ አፍ የምንሰማውን ዘፈን በእውነቱ የዘፈኑት ናታሊ ደሴና ሮላንዶ ቪያዞን ናቸው። ቀሪውን ሙዚቃ የደረሰው ፊሊፕ ሮምቢ ነው፤ ስለ ቤት ናፍቆት የሚዘፈነው መዝሙሩ ከፊልሙ ወጥቶ በብዙ መዘምራን ቡድኖች ዘንድ ይዘመራል።

ልብሱን ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። በ1914 ገና የፈረንሳይ ወታደር ቀይ ሱሪና ኬፒ ቆብ ለብሶ ነው የሚዋጋው፤ ሰማያዊው ልብስና የብረት ቆቡ የተሰራጩት በ1915 ነው። ፊልሙ ይህን ጠብቋል። የሚጎድለው ቆሻሻው ነው፤ ምሽጉም ሰዎቹም ትንሽ ንጹሕ ናቸው። ስሜቱም አንዳንድ ቦታ ከመጠን በላይ ይጣፍጣል። እኔ ይህን አልጠላበትም፣ ጦርነትን ከዚህ በፊት አይቶ ለማያውቅ ልጅ ጥሩ በር ነውና።

ኢንዲዤን (2006)

የራሺድ ቡሻሬብ ፊልም የሰሜን አፍሪካ ወታደሮች ፈረንሳይን ነጻ ለማውጣት ከጣልያን እስከ አልዛስ ሲዋጉ ያሳያል። ሙዚቃው የአርማን አማርና የአልጄሪያው ዘፋኝ ኻሌድ ነው። ወታደሮቹ ራሳቸው ሲዘምቱ የሚዘፍኑት ዘፈን ደግሞ «ከሩቅ የመጣን አፍሪካውያን ነን» የሚለው የአፍሪካ ጦር መዝሙር ነው። ሙዚቃውን ወታደሩ ሲሰማው ብቻ ሳይሆን ሲያወጣውም የምናይበት ፊልም ይህ ነው።

አምስቱ ዋና ተዋንያን በካን በጋራ የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ወሰዱ። ከዚያም የበለጠ ነገር ሆነ። የቀድሞ ቅኝ ግዛት ወታደሮች ጡረታ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ታግዶ ነበር፣ ከፈረንሳውያኑ ጓዶቻቸው ጡረታ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ፊልሙ ሲወጣ የፕሬዚዳንት ሺራክ መንግሥት ከፍ እንዲል ወሰነ። ለአፍሪካዊ ተመልካች ከሌሎቹ አምስቱ በፊት ይህን ማየት ተገቢ ነው የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም። የውጊያ ክፍሎቹ ብርቱ ናቸው፣ ለልጅ አይሆኑም።

የትኛውን ልያዝ?

አንድ ምሽት ብቻ ያላችሁ ኮሎኔል ሻቤርን እዩ። ልብስ የምታሰፉ ወይም ለቲያትር አልባሳት የምታዘጋጁ 317ኛውን ጋንታ እያቆማችሁ ተመልከቱ። ወታደር ከጦርነት በኋላ ምን ይሆናል የሚለው የሚያስጨንቃችሁ ካፒቴን ኮናንን። ከልጆች ጋር ሆናችሁ ጆዋዩ ኖኤልን። ከአያቶቻችሁ መካከል ለሌላ አገር ባንዲራ የተዋጋ ካለ ኢንዲዤንን። ከፊልሙ በፊት ሙዚቃውን ለብቻው መስማት የምትፈልጉ የደለሩን ኮንቼርቶ ፈልጉ፤ ያለ ሥዕል በራሱ ይቆማል፣ እንዲያውም አስቀድማችሁ ከሰማችሁት ፊልሙ ላይ ሲመጣ የበለጠ ይይዛችኋል።

ስትመለከቱ በስልክ ድምፅ ማጉያ አትዩት። የታምቡር ምትና የቼሎ ዝቅተኛ ድምፅ በስልክ አይወጣም፣ ግማሹ ፊልም ይቀርባችኋል፤ ቢያንስ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። ቅጂ ስትመርጡም በሌላ ቋንቋ ድምፅ የተተካበትን ተዉት፣ ከሥር ጽሑፍ ያለበትን ውሰዱ። በተለይ ጆዋዩ ኖኤል ውስጥ ወታደሮቹ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ነው የሚነጋገሩት፤ ሁሉንም በአንድ ቋንቋ ያደረገ ቅጂ ከወሰዳችሁ ዘፈኑ ለምን እንዳስታረቃቸው አይገባችሁም።